ብርዙን ከጠጁ የሚለየው መለያ

ከዳላስ በስተሰሜን ያለችው አዲሰን ትንሽ ከተማ ብትሆንም በሴፕቴምበር የምታዘጋጀው ኦክቶበርፌስት ብዙ ሰው ይስባል። እኛም በዚያው ወር እንቁጣጣሽ አለን። ባለፈው እንቁጣጣሽ አዲሰን የሚኖር አንድ ወዳጄ ቤት ተሰብስበን ነበር። ይህ ሰው አሮጌ ፍሪጅ በስቶ ሁለት የድራፍት ቧንቧ ገጥሞለታል። ውስጡ 19 ሊትር ገደማ የሚይዙ ሁለት የብረት በርሜሎች አሉ፤ በአንዱ ጠጅ፣ በሌላው ለልጆችና ለማይጠጡ እንግዶች ብርዝ። እጀታዎቹን ከጥሩ እንጨት አስጠርቦ፣ በሌዘር ስማቸውን በላቲን ፊደል አስቀርጾባቸዋል። ሲታዩ ያምራሉ።

በዋዜማው በርሜሎቹን አጥቦ ሲመልስ ቦታ ተለዋወጡ። እጀታዎቹ ግን እንደነበሩ ቀሩ። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ‹ብርዝ› ከሚለው እጀታ ሥር ብርጭቆዋን ደቅና ግማሽ ያህል ጠጅ ጠጣች። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም ይጣፍጣሉ፤ ልጅ በምን ይለያል? እናቷ አሽትታ ነጠቀቻት። ደግነቱ ከእንቅልፍ በቀር ምንም አላገኛትም። እንግዶቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ዓይኔ እጀታው ላይ ቀረ።

በአሜሪካ ቢራ ቤት ውስጥ መጥመቅ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ለአንድ ጎልማሳ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ጎልማሶች ላሉበት ቤት 200 ጋሎን ይፈቀዳል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው። ከ1989 ጀምሮ በፋብሪካ ጠርሙስ ላይ የሚታተመው የአልኮል ማስጠንቀቂያ በወዳጄ ፍሪጅ ላይ የለም። ስለዚህ እዚያ ቤት የሚጠጣውን ነገር ለእንግዳ የሚነግር አንድ ነገር ቢኖር እጀታው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በርሜሉ የሚቀያየር ከሆነ ስሙም በሁለት ሰከንድ የሚቀያየር መሆን አለበት። እንጨት ላይ የተቀረጸ ስም ጌጥ እንጂ መረጃ አይደለም።

አገር ቤት ይህን ድሮ ያውቁታል። ጠላ ቤት በራፍ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ካያችሁ ጠላ አለ ማለት ነው። ሲያልቅ ጣሳው ይነሳል። ማንም ጣሳውን በሚስማር አይመታውም።

ሥራው ከባድ አይደለም። የአሜሪካ የድራፍት ቧንቧ እጀታ የሚታሰረው 3/8 ኢንች ውፍረት ባለው፣ በኢንች 16 ጥርስ ባለው ብሎን ነው፤ ልኩ የሆነ ዳዶ እንጨት ውስጥ ከቀበራችሁ የእጀታው ጉዳይ አለቀ። ፊቱ ላይ ስስ ብረት ለጥፉ፣ መለያውን ደግሞ በማግኔት ወረቀት ላይ ሥሩ። ቀለሙ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቀዝቃዛ ቧንቧ ያልበዋል፤ የተለመደው የኢንክጄት ቀለም ውኃ ሲነካው ይሮጣል። የሌዘር ፕሪንተር ቶነር በሙቀት ቀልጦ የሚጣበቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ይችለዋል። በሌዘር አትማችሁ፣ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ፣ ማግኔቱ ላይ ለጥፉት።

ችግሩ ሶፍትዌሩ ላይ ይጀምራል። የእኔ ትንሽ የመለያ ማተሚያ ‹ጠጅ› ብዬ ስጽፍለት ሁለት ባዶ ሳጥን አተመልኝ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ስንት ዓመት እንደሆነ ቁጠሩ! ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ተሸንፈን ወደ ላቲን እንሄዳለን፤ ወዳጄም ያደረገው ይህንኑ ነው። መፍትሔው ግን ቅርብ ነው፦ ጽሑፉን ኢንክስኬፕ ላይ ጽፋችሁ ወደ ቅርጽ ቀይሩትና እንደ ምስል ላኩት። ማሽኑ ፊደል መሆኑን ማወቅ የለበትም።

ፎንት ስትመርጡ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በደማቁ እመርጣለሁ። አቢሲኒካ ለመጽሐፍ ያምራል፤ ለእጀታ ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ይጠፋሉ። በተለይ የኃምስ ፊደሎችን ቀለበት ተመልከቱ፤ ሌ፣ ቤ፣ ሴ ሲያንሱ ቀለበቱ ይደፈንና ነጥብ ይሆናል።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ነገር ልምጣ። እጀታ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ጽሑፍ የሚያርፍበት ከላይ ወደ ታች ነው። ላቲኑን ፊደል በፊደል ከደረደራችሁት ‹ቅራሪ› ቢያንስ ስድስት ፊደል ይወስዳል፣ በእኛ ሦስት ነው። 7.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው መለያ ላይ የእኛው እያንዳንዱ ፊደል 2.5 ሴንቲ ሜትር ያገኛል፣ የላቲኑ ግማሹን ብቻ። ‹ጠጅ› እና ‹ጠላ›ማ ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው፤ ከሳሎኑ ማዶ ይነበባሉ። ለዚህ ዕቃ የተፈጠረ ፊደል ይመስላል። ግን በዩኒኮድ አመዳደብ ግዕዝ በቁልቁል ጽሑፍ ውስጥ በጎኑ ይተኛል። በዌብ ገጽ የምትሠሩ ከሆነ ‹ቴክስት ኦሪየንቴሽን› የሚለውን ‹አፕራይት› ካላላችሁት ጠጁ ሰክሮ ወድቆ ታገኙታላችሁ።

‹በፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ብንጽፈውስ?› የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በላብ ምክንያት እስኪወድቅ ድረስ ከተሳሳተ ቅርጽ ይሻላል። ‹ቴክሳስ የተወለደ ልጅ ፊደል አያነብም› የሚለው ግን ይከብዳል፤ ያቺ ልጅም አታነብም። ስለዚህ ፊደላችን በትልቁ ይሁን፣ ከሥሩ ላቲኑ በትንሹ ይግባ፣ አልኮል ያለበት ሁሉ ደግሞ ዳር እስከ ዳር ቀይ መስመር ይኑረው። ፊደላችንን ስለምንወድ ብቻ ማስጠንቀቂያን ልጅ በማያነበው ጽሑፍ መደበቅ ልክ አይደለም።

ቀኑም መጻፍ አለበት። ብርዝ በርሜል ውስጥ ሲቆይ መፍላቱ አይቀርም፤ ቅዝቃዜው ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። ከሳምንታት በፊት የተሞላ ‹ብርዝ› ስሙን ላይሆን ይችላል። በጃቫስክሪፕት ‹ኢንትል› የሚባለው ክፍል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ቀኑን ራሱ ይሞላላችኋል። ‹ዓ.ም.› ማለትን ብቻ አትርሱ። ወዳጄ መስከረም 2018 ብሎ ሲያትም አንድ አሜሪካዊ ጎረቤቱ ሰባት ዓመት የቆየ ጠጅ መስሎት በአክብሮት ነው የቀመሰው።

አሁን መለያዎቹ የፍሪጁ በር ላይ ተደርድረዋል፤ በርሜል ሲቀየር አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል። ጠላም ጀምሯል፣ ግን ፊልተሩን ብቻ፤ ጉሹ ቧንቧውን ይዘጋዋል። ‹ቅራሪ› የሚለውንም አትሜ ሰጥቼው ነበር። እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አልሰቅልም ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከቶታል።