ባቱ የአውቶቡስ ማረፊያ ብቻ ናትን?

ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ታላላቆቻችን ለዕረፍት ወደ ምፅዋ ይወርዱ እንደ ነበር ሲያወሩን እንሰማለን፤ በእኛ ዘመን ግን የባሕር ነገር ሲነሣ ጨዋታው ሁሉ ስለ መርከብና ስለ ጭነት ኪራይ ነው። ውኃ ዳር ተቀምጦ ነፋስ መቀበልን ደግሞ የባለጸጋ ሥራ አድርገን ትተነዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ስንፍና ነው፤ ወደብ የሚመስል ቦታ ከደጃችን አለና።

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው መቂን እንዳለፈ ባቱ ትቀበለዋለች። ብዙዎቻችን ዝዋይ በሚለው ስሟ እናውቃታለን፤ ሐይቁንም ኦሮሞው ደምበል ይለዋል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ወደ ሐይቁ ገባ ያለው መድረክ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ ወርደው ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲበልቱ፣ አባ ኮዳ አሮጌ ካፖርት እንደ ለበሰ ዳኛ አንገቱን ቀብሮ የአንጀቱን ድርሻ ይጠብቃል። ፔሊካኑ ከአጠገቡ ይንሳፈፋል፤ ልጆች ያባርራሉ፤ ከጥላው ሥር ዓሣ ይጠበሳል። የሚጣደፍ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ቦታ በሌላ አገር ቢሆን ሥዕሉ በፖስታ ካርድ ይሸጥ ነበር።

ታዲያ ወደዚያ የሚሄደው ማነው? የውጭ አገር ሰዎችና ኪሱ የሞላ ወገን ባቱን በመኪና አልፈው ወደ ላንጋኖ ይወርዳሉ፤ የላንጋኖ ውኃ ቢደፈርስም ከቢልሃርዝያ የጸዳ ነው ስለሚባል ይዋኙበታል። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ሐዋሳ ለመድረስ እንቸኩላለን። አውቶቡሱ ባቱ ላይ ሲቆም በመስኮት ፓፓያ ገዝተን፣ ሐይቁ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ሳንጠይቅ እንሄዳለን።

ፈረንሳዮች ግን ጠይቀዋል። በፊት የእነርሱ ኩባንያ የሠራው ባቡር በአዳማ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ለገሃር የሚለውን ቃል በአፋችን ትቶልን ቀረ። በእኛ ዕድሜ ደግሞ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት የባቱን አሸዋማ አፈርና ፀሐይ መርምሮ ወይን ተከለበት፤ የመጀመሪያዎቹም ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀረቡ። ይህን የምለው ባዕድን ለማወደስ አይደለም። ከቦርዶ የመጣ ሰው ያየውን እኛ ከመስኮት ማዶ ማየት ለምን አቃተን ለማለት ነው።

ለማየትማ ብዙ አለ። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ በዮዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው በዚያ እንዳቆዩአት ይተረካል። የደሴቶቹ ነዋሪ የዛይ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ቋንቋውም ከሐረሪና ከስልጤ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ተናጋሪው ጥቂት ነው፤ ወጣቱም ወደ የብስ እየወጣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይኖራል። የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ነን የምንል ሰዎች ስለ ላቲን ሥርወ ቃል ስንከራከር ከአንድ ቀን መንገድ ባነሰ ርቀት ያለ ቋንቋ ሰሚ ሲያጣ አያሳፍርምን?

«ተማሪ መጽሐፉን ይያዝ፤ ሽርሽር ምን ይሠራለታል?» የሚል አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ያላዩትን አገር መውደድ አፍ ብቻ ነው፤ ያልወደዱትንም አገር የሚጠብቅ የለም። ባቱም አሁን ጠባቂ ትሻለች።

ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ነገር ግን እጅግ በሚጠልቅበት ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ያህል ብቻ ነው። መቂና ከታር ወንዞች ይገብሩለታል፤ እርሱም በቡልቡላ በኩል ለአብያታ ያቀብላል። ዛሬ ከወንዞቹም ከሐይቁም ብዙ ሞተር ይጠጣል፦ የገበሬው ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ወደ ሆላንድ የሚበረው ጽጌረዳ፣ የከተማው ሕዝብ ራሱ። ማንንም ሌባ አልልም፤ ገበሬው ልጆቹን ያሳድርበታል፣ የአበባው እርሻም ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ሁሉም በየፊናው ሲቀዳ የጠቅላላውን ሒሳብ የሚይዝ ማነው? ከታች ያለው አብያታ ዳርቻው ወደ ኋላ ሸሽቶ ነጭ ጨው ሆኖ ይታያል። ሐሮማያም ቀላል ምክር አይደለም፤ ያ ሐይቅ ኋላ ውኃ ቢመለስበትም አንድ ጊዜ ጨርሶ ደርቆ አይተነዋል።

ሁለተኛው ነገር አጥር ነው። በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዳር ሆቴል ባበበ ቁጥር ለመንገደኛ የሚቀረው ዳርቻ ይጠባል፤ ውኃውን ለማየት የመግቢያ ዋጋ መክፈል እየተለመደ ነው። ባለሆቴል ይነግድ፤ ደግ ነው። አቶ በቀለ ሞላ በዚህ መንገድ ላይ ሆቴል ባያቆሙ ኖሮ ስንቱ መንገደኛ ማረፊያ ባጣ። ይሁን እንጂ አጥማጁ ጀልባውን የሚያስጠጋበት፣ እናት ልጇን ይዛ የምትቀመጥበት፣ ገንዘብ የሌለው ተማሪ እግሩን የሚያነክርበት ዳርቻ በከተማው ፕላን ላይ ተለክቶ ለሕዝብ መቀመጥ አለበት። ቦታው አንድ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ ማልቀስ ውኃ አያመጣም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ አንድ አውቶቡስ በመዋጮ እንከራይ። የጂኦግራፊ ተማሪ የሐይቁን ዳርቻ ይለካ፤ የቋንቋ ተማሪ ከዛይ አረጋውያን ዘንድ ተቀምጦ ይጻፍ፤ የሕግ ተማሪ ዳርቻው የማን እንደሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ይጠይቅ። ማታ ደግሞ ሁላችንም በመድረኩ ላይ ተቀምጠን ዓሣችንን እንብላ፤ ይህም ከሥራው እንዲቆጠር እፈቅዳለሁ። ተመልሰን ያየነውን በዚሁ መጽሔት እናውጣ፤ በዓመቱም ሄደን እንደገና እንለካ። በሚቀጥለው ዓመት ውኃው አንድ ክንድ ሸሽቶ ቢገኝ፣ ቢያንስ የሸሸበትን ቦታ በጣቱ የሚያሳይ ሰው ይኖራል።