የገመዱን ውል እንወቅ

ለጉዞ ስንነሣ ስለ ገመዱ ርዝመት እንጠያየቃለን፤ ስለ አያያዙ ግን የሚጠይቅ የለም። ባለፈው ወር ከደብረ ብርሃን ተነሥተን በአንኮበር ገደል ስንወርድ ጉም ሸፈነን። አንዱ ጓደኛችን ከታች በጠባብ እርከን ላይ ቆሞ ገመድ ሲጠብቅ፣ እኛ ከላይ የተተበተበውን ስንፈታ ግማሽ ሰዓት በብርድ ተቀጣ። ያን ቀን ያጣነው ገመዱን ሳይሆን ውሉን ነበር።

አንዳንዶች «አዲስ ይገዛ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ገመድ በክንድ ላይ ሲጠመጠም በየዙሩ ይከርራል፤ ሲዘረጋም እርስ በርሱ ይጠላለፋል። መድኀኒቱ ቀላል ነው። አንዱን ጫፍ ቋጥሮ ከከረጢቱ ሥር ማሰር፤ ቀሪውን ሳይጠመጥሙ በእጅ እየሳቡ እንደ ወደቀ መክተት፤ ሁለተኛውን ጫፍ ከከረጢቱ አፍ ላይ ማስቀረት ነው። ያን ጊዜ ኋላ የገባው አስቀድሞ እየወጣ ገመዱ ያለ ችግር ይዘረጋል። የታችኛውም ቋጠሮ ወራጁ ከገመዱ ጫፍ እንዳያመልጥ ይጠብቀዋል።

በደብረ ዳሞ 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ሲወጣ፣ ከላይ ሆኖ የሚይዝ መነኩሴ አለ። ለኛም ገመድ አንድ ኀላፊ ይሰየምለት፤ ከመነሣታችን በፊት ይመርምረው፤ ስንመለስም እርሱ ይክተተው። ጓደኛን ገደል ላይ አቁሞ ውል መፈለግ ነውር ነው።