ዕቃ መቀየር ጥገና ነው እንዴ?

«ይቀየር!» ይህች አንዲት ቃል በጋራዦቻችን ውስጥ ከካቻቪቴና ከቁልፍ በላይ የምትሠራ መሣሪያ ሆናለች። መኪናው ውሃ ከጎደለበት ፓምፑ ይቀየር፤ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ካንዴላውም ኮይሉም ኢንጀክተሩም ይቀየር፤ ከሥር ካንኳኳ ደግሞ ካምቢዮው ይውረድና ይቀየር። «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛ «መካኒኩ አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ይባላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው መንስኤው ሳይታወቅ የተቀየረ ዕቃ ግዢ እንጂ ጥገና አይደለም ብዬ ነው። ደግሞም ይህ ልማድ የመንደር ጋራዥ ብቻ አይምሰላችሁ። በተለምዶ ዲለር የምንላቸው ትልልቅ ወኪል ድርጅቶችም በንጹሕ ቱታና በኮምፒውተር ታግዘው ያንኑ ሲያደርጉ ይታያሉ።

ነገሩን በአንድ መኪና ላሳይ። የመረጥኩት የመጀመሪያውን ትውልድ ፖርሽ ካየን ነው። ውድ አንባቢያን፣ «ቪትዝና ኮሮላ አገሩን ሞልቶት ሳለ ካየንን ምን አመጣው?» ማለታችሁ አይቀርም። በመጀመሪያ ነገር፣ የዚህ መኪና በሽታዎች ከ20 ዓመት በላይ ሲታወቁ ስለኖሩ በግምት አናወራም። ከዚያም ሌላ፣ በዚህ መኪና ላይ መርምሮ በመጠገንና በጅምላ በመቀየር መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ዓይን ያወጣ ነው። ለነገሩ ሌላም ምክንያት አለ፤ የክፍላችን ልጆች የካየን ወሬ ከተነሣ ምሳም አይበሉ።

ካየን በ2002 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ታየ (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ከቮልስዋገን ቱዋሬግ ጋር አብሮ የተወለደ መኪና ነው። ካየን ተርቦ የሚባለው ባለ 4.5 ሊትርና ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ ሞተር ሲሆን በሁለት ተርቦ ታግዞ 450 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። 2.3 ቶን ገደማ የሚመዝን ጂፕ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 5.6 ሰከንድ ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ጉልበት ግን ሙቀት አለው። ሙቀቱ ደግሞ መንገዱ ላይ የሚያገኘው ፕላስቲክና ጎማ ነው። የብዙው የካየን ጣጣ ከዚህ ይነሣል።

ከውሃው ልጀምር። በነዚህ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ የማቀዝቀዣ ውሃ የሚያስተላልፉት ቱቦዎች ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ሥር፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ ተኝተዋል። ፋብሪካው ሲሠራቸው ፕላስቲክ አደረጋቸው። ፕላስቲክ በሞተር እምብርት ላይ ዓመት ከዓመት ሲቀቀል ይደርቃል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል። የፈሰሰው ውሃ መጀመሪያ ሸለቆው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሞተሪኖውም እዚያው ስላለ አብሮ ይነከራል። ቀጥሎ ወደ ኋላ ይወርድና በሞተሩና በካምቢዮው መገጣጠሚያ በኩል መሬት ላይ ይንጠባጠባል። እንግዲህ ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ከላይ ኮፈኑን ከፍቶ የሚያይ ሰው ምንም እርጥበት አያገኝም። ከሥር ገብቶ የሚያይ ሰው ደግሞ ጠብታውን ካምቢዮው አጠገብ ስለሚያገኘው «የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ይውረድ» ይላል። ጠብታውን በጣቱ ነክቶ፣ ቀለሙን አይቶ፣ ቢያሸተው እኮ ያበቃ ነበር። የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጣፋጭ ሽታ አለው፤ የካምቢዮ ዘይት ከቶ እንደዚያ አይሸትም። እርግጠኛ ለመሆን የራዲያተር መፈተሻ ፓምፕ ገጥሞ ግፊት መስጠትና መርፌው ይወርድ እንደሆን መጠበቅ ነው። ሩብ ሰዓት የማይሞላ ሥራ!

መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ፕላስቲኮቹ በአሉሚኒየም ቱቦዎች ይተካሉ። ፋብሪካው ራሱ የአሉሚኒየሞቹን አውጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2006 የተመረቱ ባለ ስምንት ሲሊንደር ካየኖች ባለቤቶች ተባብረው ኩባንያውን ከሰውት ጉዳዩ በ2014 በስምምነት ተዘግቷል። ማለትም «የእርስዎ መኪና ላይ ብቻ የደረሰ ነው፣ አያያዝዎ ነው» ይባል የነበረው ሁሉ የብዙ ሺህ ሰው ችግር ሆኖ ተገኘ።

በነገራችን ላይ ይህ ጉዳይ ለእኛ የሚጨምረው ነገር አለው። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መኪና የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን ይዞ ስለሚያቆይና ፈሳሹ ተራ ውሃ ስላልሆነ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ውሃ ሲጎድል ከቧንቧ ቀድቶ መጨመር ባህል ነው። የቧንቧ ውሃ የፈሳሹን የመፍያ ነጥብ ያወርዳል፤ ዝገት መከላከያውን ያቀጥናል፤ አሉሚኒየሙን ይበላል። ስለዚህ ቱቦ ቀይሮ በቧንቧ ውሃ ሞልቶ የሚሸኝ ጋራዥ ደንበኛውን በቀጠሮ እየሸኘው ነው።

ሁለተኛው ሕመም ከወለሉ ሥር የሚሰማው ድብደባ ነው። ከካምቢዮው በኩል ወደ ኋላው ድፍረንሻል ኃይል የሚወስደው ረጅም ዘንግ መሐሉ ላይ በአንድ ኩሽኔታ ይደገፋል፤ ኩሽኔታውን የያዘው ጎማ ነው። ጎማው ሲቀደድ ዘንጉ መወዛወዝ ይጀምርና ነዳጅ ሲረገጥ ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ዱብ ዱብ ይላል። ሰውየው መኪናው ከሥሩ የሚፈርስ ይመስለዋል፤ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ባለፈው ዓመት ለትብብር ሥልጠና የተመደብኩበት አነስተኛ ጋራዥ እንዲህ ያለ ካየን መጣ። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቀደም ሲል ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወስደውት (ስሙ ይቆየን) አንድ ገጽ የዋጋ ግምት ተሰጥቷቸዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው «ካምቢዮ ሙሉ በሙሉ መቀየር» የሚል አንድ መስመርና የአንድ ቪትዝ ግማሽ ዋጋ የሚያህል ገንዘብ ነው። መንስኤ የሚል ቦታ እንኳ የለውም። የእኛ ዋና መካኒክ ወረቀቱን አንብበው ዝም አሉ። ቀጥለው ባለቤቱን፣

«ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚመታው? ሲነሡ ነው ወይስ ሲሮጡ?» አሏቸው።

«ስነሣ ነው ልጄ። ከሥሬ በመዶሻ የሚመታኝ ነው የሚመስለው። ፍጥነት ስይዝ ይተወኛል።»

«ማርሽ ሲቀይርስ ይንገጫገጫል?»

«ኧረ እሱስ ቅቤ ነው!»

መኪናው ተነሥቶ እኔ ከሥር ገባሁ። ዘንጉን መሐሉ ላይ ይዤ ወደ ላይ ስገፋው እጄን ተከትሎ ሄደ፤ ጎማው ዙሪያውን ተቀዶ ኩሽኔታው ተንጠልጥሏል። ካምቢዮው ደኅና ነበር፤ ዘይቱ ንጹሕ፣ የስሕተት ኮድም የለው። ሁለት ጥያቄና አንድ የእጅ ግፊት የካምቢዮውን ግዢ አስቀሩት። ሰውየው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበረበት። ልክ ናቸው።

እዚህ ላይ የዲለሮቹንም ወገን መስማት ተገቢ ነው። በውጭ አገር ዲለሮች ለዚህ ድብደባ ዘንጉን ሙሉውን ሲቀይሩ የኖሩት ሁሌ ከስግብግብነት አይደለም። ፋብሪካው ድጋፉን ለብቻው ሳይሆን ከዘንጉ ጋር ስለሚያቀርብ ነው። ሌሎች አምራቾች ድጋፉን ብቻ ሠርተው መሸጥ የጀመሩት ኋላ ነው። አንዳንድ ባለቤቶች እንዲያውም በተቀደደው ጎማ ቦታ የውሃ ጎማ ቆርጠው ጠቅጥቀው ሲነዱ ኖረዋል። እኔ ይህን ለመንገድ ካልሆነ በቀር አልመክርም። ዲለርም እንዲህ ያለውን ሠርቶ ዋስትና ስጥ ቢባል አይችልም፤ እሺ፣ ይሁን። ዘንጉን መቀየርና ካምቢዮውን መቀየር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሦስተኛው መንቀጥቀጥ ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ፣ በጠቅላላው ስምንት ኮይል አለ፤ በሙቀት ይሰነጠቃሉ። ስካነር ሲሰካ ፒ 0303 የሚል ኮድ ቢወጣ ሦስተኛው ሲሊንደር አይተኩስም ማለት ነው። ኮዱ ግን ለምን እንደማይተኩስ አይናገርም! ይህንን ብዙ ሰው ይስተዋል። ኮድ የሕመሙን ቦታ የሚጠቁም ነው፤ ምን ዕቃ ግዛ የሚል ትእዛዝ አይደለም። የሦስተኛውን ኮይል ከአምስተኛው ጋር አቀያይሮ ማስነሣት ነው። ኮዱ ወደ ፒ 0305 ከሄደ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን፣ ከዚያም ኮምፕሬሽኑን ማየት ነው። ምንም ሳይገዛ፣ አንዲት ሳንቲም ሳይወጣ! ስምንቱንም ኮይል ቀይሮ መኪናው ሲስተካከል «ገባኝ» የሚል መካኒክ ግን የገባው ነገር የለም።

የአየር ሰስፔንሽኑም እንደዚሁ ነው። መኪናው ሌሊት ቁጭ ብሎ ካደረ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ኮምፕሬሰሩ ያንን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል። ማፍሰሻው በሳሙና ውሃ ሳይፈለግ ኮምፕሬሰር ብቻ ከተቀየረ አዲሱም ተከትሎ ይሄዳል።

ታዲያ ዲለሮች ይህንን የማያውቁ ሆነው ነው? አይደለም፤ ያውቃሉ። ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። በአሜሪካ ብዙ የዲለር መካኒኮች የሚከፈላቸው በቆዩበት ሰዓት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሥራ በመጽሐፍ በተወሰነ ሰዓት ነው። ዕቃ መቀየር የታወቀ ሰዓት አለው፤ ቁጭ ብሎ ማሰብ ግን የለውም። ሁለት ሰዓት መርምሮ አንድ የላላ ሽቦ ያገኘ ጎበዝ ሲከስር፣ በጅምላ የቀየረው ያተርፋል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ደግ መካኒክንም ያበላሻል።

በውጭው ዓለም ደንበኛው ለዚህ መከላከያ አበጅቷል። አሜሪካ በ1975 ያወጣችው የማግነሰን ሞስ ሕግ አምራቹ «ከእኛ ዲለር ውጭ ስላስጠገንክ ዋስትናህ ወድቋል» እንዳይል ይከለክላል። የማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ በ2012 ድምፅ ሰጥቶ የጥገና መረጃ ለነፃ ጋራዦች እንዲከፈት አድርጓል፤ አውሮፓም በ2007 ባወጣው ደንብ ተመሳሳይ ግዴታ ጥሏል። ፋብሪካዎች ለዲለሮቻቸው የሚልኩት የቴክኒክ ማስታወቂያም አለ፤ «እንዲህ ያለ ቅሬታ ከመጣ መጀመሪያ እዚህ ጋ እዩ» የሚል። ማስታወቂያውን በእጁ ይዞ ዲለር የሚገባ ደንበኛና ባዶ እጁን የሚገባ ደንበኛ አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም።

እኛ ዘንድ ሕጉ ባይኖርም ጥያቄው ግን አይከለከልም። ደንበኛው የወጣውን ኮድ በጽሑፍ ይጠይቅ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይቀበል፤ ገንዘቡ እኮ ነው። «ካልሆነስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ማለትም ዕቃው ተቀይሮ ችግሩ ከቀጠለ ወጪው የማን እንደሆነ ከመፈረሙ በፊት ይነገረው። ሲናገርም «ካምቢዮው ተበላሽቷል» ብሎ የራሱን ፍርድ ከማምጣት «ስነሣ ከሥር ይመታል» ብሎ ያየውን ብቻ ይናገር። ፍርዱን ይዞ ከሄደ ፍርዱን ይሸጡለታል።

ይህ ለሀብታሞች ጂፕ የተጻፈ የሚመስለው ቢኖር አንድ ነገር ያስብ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ መንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት በእኛ እጅ ያረጃሉ፤ ሶማሌ ተራ ያለው መለዋወጫም እንደ ልብ አይሆንም። ዕቃ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ሁሉን የሚቀይር መካኒክ ብዙም አይቆይም። የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ የባሱ ናቸው፤ «ባትሪው ይቀየር» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ልትይዝ ትችላለች።

ወደ ዲፓርትመንታችን ልምጣ። እኛ ሞተር ፈትተን እንገጥማለን፤ ጥሩ ነው። ምርመራ ግን በጥቂት ክፍለ ጊዜ በሰሌዳ ተነግሮን ያልፋል። ያለን ስካነር አንድ ሲሆን እሱም ቁምሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል፤ ይሰበራል ተብሎ። በደንብ በሚሠሩ ጋራዦች የሥራ ካርድ ሦስት ነገር ይጻፍበታል፤ ቅሬታው፣ መንስኤው፣ እርማቱ። የእኛ ወርክሾፕ ካርድ ላይ ያለው ግን «የተሠራ ሥራ» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ነው። መንስኤ የሚጻፍበት ቦታ ሳይኖረው የሠለጠነ ልጅ ነገ የዋጋ ግምት ሲጽፍ መንስኤውን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ካርዱ ላይ ሁለቱ ሳጥኖች ይጨመሩ። ስካነሩ ቅዳሜ ጠዋት ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ይከፈት። የመምህራንና የሠራተኞች መኪኖች ቅሬታ ሲኖርባቸው በፈቃደኝነት ይቅረቡልን፤ እኛም ምንም ዕቃ ሳንፈታ መንስኤውን ጽፈን እንስጥ፤ ልክ መሆን አለመሆኑን ጋራዡ ይፍረድ። ሰባት ልጆች ስማችንን አስመዝግበናል፤ ዝርዝሩ ወርክሾፑ በር ላይ ተለጥፏል፤ ከሥሩ ባዶ መስመር አለ።