ስለ ራስ የሚጻፍ ምስክርነት

በቀድሞው ዘመን በኢትዮጵያ ሥራና ሹመት የሚፈልግ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ማለዳ ተነሥቶ በመኳንንቱ ግቢ በር ይቆማል፤ ጌታው ሲወጡ እጅ ይነሣል፤ ሲመለሱም ተከትሎ ይገባል፤ ወራትን፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን፥ በዚህ አኳኋን ያሳልፋል። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ምን ሥራ እንደሚያውቅ ሳይሆን የማን ልጅ እንደ ሆነና ማን እንደሚያውቀው ነበር። ስለ እርሱ የሚመሰክርለት አማላጁ እንጂ የእጁ ሥራ አልነበረም።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ደግሞ ነበረ። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ድጓውን ጠንቅቆ ከተማረ በኋላ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አባ፥ ቅዳሴ የተማረም ወደ ሰለልኩላ ይሄዳል። በዚያ ያሉት መምህራን የሚመረምሩት የተማሪውን ቀለም ነው። ባዶ እጁን የመጣ የድኻ ልጅ ቀለሙ ከተገኘ ተመስክሮለት ይወጣል፤ የጌታ ልጅም ቢሆን ቀለሙ ከጐደለ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል።

ዛሬ ሥራ ፈላጊ ይዞት የሚቀርበው ሲቪ የተባለው ጽሑፍና ከእርሱም በኋላ የሚደረገው ቃለ መጠይቅ፥ በትክክል ከተሠራበት፥ ከደጅ ጥናት ይልቅ ለማስመስከር የቀረበ ነገር ነው። የሲቪ ሙሉ ስሙ በላቲን ቋንቋ ኩሪኩሉም ቪቴ ሲሆን ትርጓሜው የሕይወት ሩጫ ማለት ነው። ሰው የሮጠውን ሩጫ ጽፎ ያቀርባል፤ መርማሪዎቹም በእውነት ሮጦት እንደ ሆነ በቃል ይጠይቁታል። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር በአንድ ሥርዓት የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በተቋቋመ ጊዜም የታሰበው ይኸው ነበር፤ ይኸውም ሰው በዘመዱ ሳይሆን በችሎታው እንዲቀጠር ነው።

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ያለችው የጫግኒ ከተማ ይህ ነገር እጅግ ከሚያስፈልጋቸው ከተሞች አንዲቱ ናት። ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ የሚወርደው መንገድ በእርሷ ያልፋል። ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚያደርሰው አንዱ መንገድ ይኸው ነው። በዚያው ዞን በጃዊ ወረዳ የጣና በለስ የስኳር ፋብሪካ አለ፤ በእንጅባራም ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። ስለዚህ የጫግኒ ልጆች ትምህርታቸውን ጨርሰው፥ የምስክር ወረቀታቸውን በእጃቸው ይዘው፥ በማስታወቂያ ሰሌዳና በቴሌግራም የሚወጣውን የሥራ ማስታወቂያ ሲመለከቱ ይውላሉ።

የሚያሳዝነው ግን ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። ወጣቱ ማስታወቂያውን ካየ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ጸሐፊው ቀድሞ ለሌላ ሰው የጻፈውን ሲቪ ያወጣል፤ ስሙንና የስልኩን ቍጥር ይለውጥለታል፤ ወጣቱም ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ሃያ ወጣቶች ለአንድ ቦታ ሲወዳደሩ ሃያው ወረቀት አንድ ዐይነት ይሆናል። ሁሉም ታታሪ፥ ሁሉም ትጉህ፥ ሁሉም ከሰው ጋር ተባብሮ መሥራት የሚችል ነው ተብሎ ተጽፏል። ይህን የሚያነብ ሹም አንዱን ከሌላው በምን ሊለየው ይችላል? መለያ ባጣ ጊዜ ወይ በዕጣ ወይ በዘመድ ይለያል። እንግዲህ የተቀዳ ወረቀት፥ ወጣቱ የሚጠላውን አድልዎ በር ከፍቶ የሚያስገባ እርሱ ራሱ ነው።

ዲግሪ ብቻውን ለመለያነት አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ፤ ከመቶ 50 ያላመጣም አያልፍም። ይህን ፈተና ያለፉት በወረቀት ሲታዩ እኩዮች ናቸው። የሚለያያቸው እያንዳንዱ በገዛ እጁ የሠራው ሥራ ነው።

የጫግኒ ልጅ ደግሞ የሠራው ሥራ የለውም አይባልም። ከእናቷ ጋር ገበያ ወጥታ በርበሬ ስትሸጥ ያደገች ልጅ፥ የዱቤውን ሒሳብ በደብተር ስትይዝ የኖረች ብትሆን፥ ይህን በሲቪዋ አትጽፈውም፤ ከሥራ አትቈጥረውምና። አውኚና አማርኛ አጣርቶ የሚናገር፥ በገበያም ከጉሙዝ ሰዎች ጋር መግባባትን የለመደ ልጅ፥ ስለ ቋንቋ በሚጽፍበት ስፍራ እንግሊዝኛ ብቻ ጽፎ ያልፋል። ነገር ግን በዚያ አገር ለሚሠራ የጤና ጣቢያ፥ የእርሻ ባለሙያ፥ ወይም ባንክ የሕዝቡን ቋንቋ የሚያውቅ ሠራተኛ እጅግ የሚፈለግ ነው። የተጻፈው ከጽሕፈት ቤት የተገኘ ውዳሴ፥ የቀረው ግን እውነተኛው ሀብት ሆነ።

ለማን እንደሚጻፍ ማወቅም ያስፈልጋል። የኢጣልያው ሊቅ ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1482 ገደማ ለሚላኖው ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ጥያቄ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር። ዓለም ሌዎናርዶን የሚያውቀው በሥዕሉ ነው፤ ዳሩ ግን በደብዳቤው አስቀድሞ የዘረዘረው ስለ ድልድይ፥ ስለ መድፍና ስለ ምሽግ የሚያውቀውን ነበር፤ ሥዕልን የጠቀሰው በመጨረሻ ነው። ገዥው በዚያ ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ምን እንደ ሆነ አስቦ ነበርና።

እንግዲህ መልካም ሲቪ ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ አይበልጥ። ስምና የሚሠራ የስልክ ቍጥር በራሱ ላይ ይሁን። ትምህርት ከነዓመቱ፥ የቅርቡ አስቀድሞ፥ ይጻፍ። ከዚያም የተሠራው ሥራ፥ ያለ ደመወዝ የተሠራም ቢሆን፥ በቍጥር ይነገር፤ ታታሪ ነኝ ከማለት ይልቅ ለስንት ሰው፥ ስንት ወር፥ ምን እንደ ተሠራ ቢጻፍ ይሻላል። ምስክር የሚሆኑ ሰዎች ስማቸው ከመጻፉ በፊት ፈቃዳቸው ይጠየቅ። በማስታወቂያው የተጠየቀው ነገር አንድ በአንድ ይታይ፤ ለያንዳንዱም ከሕይወቱ መልስ የሚሆነውን ይፈልግለት። ጽሑፉንም ከማቅረቡ በፊት ፊደል የሚያውቅ ሌላ ሰው ያንብብለት።

ያልተማሩትን ተምሬአለሁ፥ ያልሠሩትን ሠርቻለሁ ብሎ መጻፍ ግን ራስን ማጥፋት ነው። የሐሰት ማስረጃ በወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በወንጀል ባይያዝ እንኳ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ በወጣው በዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ አዲስ ሠራተኛን በሙከራ ሊያየው ይችላል፤ በወረቀት የተሸሸገው በሥራ ይገለጣል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉትም ስለዚህ ነው።

ወደ ቃለ መጠይቅ ሲገባ ደግሞ ሌላ ችግር ይነሣል። የአገሩ ልጅ በትሕትና ያደገ ነው፤ በታላላቆች ፊት ዐይኑን ወደ መሬት ያደርጋል፤ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል፤ ስለ ራሱ መናገር ነውር ይመስለዋል። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው፤ ሊተውም አይገባም። ነገር ግን በትዕቢትና በምስክርነት መካከል ልዩነት አለ። ያላደረገውን አድርጌአለሁ የሚል ትዕቢተኛ ነው፤ ያደረገውን ሲጠየቅ በልክ የሚናገር ግን ምስክር ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ተጠያቂው አስቀድሞ በሲቪው የጻፈውን እያንዳንዱን ነገር በሦስት ጥያቄ ይመርምረው፦ ነገሩ ምን ነበር? እኔ ምን አደረግሁ? በመጨረሻስ ምን ተገኘ? መልሱንም በልቡ ብቻ ሳይሆን በአፉ፥ ወንድሙን ወይም ጓደኛውን ጠያቂ አድርጎ፥ ደጋግሞ ይለማመደው፤ የቃል ትምህርት በቃል ካልተቀጸለ በጉባኤ ይጠፋልና። የሚወዳደርበት መሥሪያ ቤት ምን እንደሚሠራ ይወቅ። ዋናውን ማስረጃና ቅጂውን ለይቶ ይያዝ። ከጫግኒ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ከቀጠሮው ቀን አስቀድሞ ይድረስ። ልብሱ አዲስ መሆን አያስፈልገውም፤ ንጹሕ ይሁን። የማያውቀውን ሲጠየቅ አላውቀውም፥ ነገር ግን እማረዋለሁ ብሎ ይመልስ፤ ይህ ከሚያሳፍር ይልቅ የሚያስከብር መልስ ነው። ሥራ አስገባሃለሁ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰው ግን ይሽሽ።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፥ ብንጽፍም ብንዘጋጅም ቦታው አስቀድሞ ለዘመድ ተይዟል የሚሉ ወጣቶች አሉ። ይህ አነጋገር ፈጽሞ ሐሰት ነው ሊባል አይቻልም፤ ስለዚህ ነገሩ መርማሪዎችንም ይመለከታል። ድኻ ገበሬ በሬውን ሸጦ ያስተማረው ልጅ፥ የመሳፈሪያውን ተበድሮ መጥቶ፥ ውጤቱ አስቀድሞ በተቈረጠበት ጉባኤ ፊት ቢቀመጥ፥ የተበደለው እርሱ ብቻ አይደለም። ታናናሾቹ ይህን አይተው ትምህርትን ይንቃሉ፤ መሥሪያ ቤቱ የማይሠራ ሰው ይሸከማል፤ ሕዝቡም ጉዳዩን የሚፈጽምለት ያጣል። ስለዚህ ማስታወቂያው ሁሉ በሚያየው ስፍራ በጊዜው ይለጠፍ፤ ለተወዳዳሪዎች ሁሉ አንድ ዐይነት ጥያቄ ይቅረብ፤ እያንዳንዱ መርማሪ የሰጠውን ነጥብ በጽሑፍ ይተው፤ ለወደቀውም በምን እንደ ወደቀ ይነገረው። በምን እንደ ወደቀ የተነገረው ሰው ጕድለቱን ሞልቶ ይመለሳል፤ ያልተነገረው ግን ቂም ይዞ ይሄዳል።

በቤተልሔም የሚያስመሰክር ተማሪ ቀለሙን ሳይዝ አይሄድም፤ መምህሩም ቀለሙን ሳይሰማ አይመሰክርም። ሁለቱ ከተገናኙ ምስክርነቱ ይጸናል፤ አንዱ ቢጐድል ግን ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የጫግኒ ወጣት የራሱን እውነት ጽፎ ይቅረብ፤ መርማሪውም እውነቱን መዝኖ ይፍረድ። ያን ጊዜ ደጅ ጥናት በስሙ ብቻ ሳይሆን በግብሩም ይቀራል።