ዩኒቨርሲቲ ወይስ ሚክላላ? ወላጅና ልጅ የማይስማሙበት ምርጫ

ልጅ ከጻቫ ወይም ከብሔራዊ አገልግሎት ሲመለስ በብዙ ቤቶች አንድ ክርክር ይነሳል። አባት «ዩኒቨርሲቲ ግባ፤ ሐኪም ወይም ጠበቃ ሁን» ይላሉ። ልጁ ደግሞ «ጓደኞቼ ያሉበት ሚክላላ ቅርብ ነው፤ ፕሲኮሎጊያ እማራለሁ» ይላል። እናት ልጃቸው ሩቅ ከተማ በኪራይ ቤት እንዳይንገላታ ይሰጋሉ። ሁሉም ያሰቡት ለልጁ መልካም ነው። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ በስም ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ወላጆች ስሙን የሚያከብሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኞቹ ባደጉበት የጎንደርና የትግራይ ገጠር ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ለደረሰውም ቢሆን ቦታውን የሚወስነው የማትሪክ ውጤትና የመንግሥት ምደባ ነበር። እስራኤል ውስጥ ግን መራጩ ተማሪው ነው። መራጭ ባለበት ደግሞ ሻጭ አለ። ልጁ በስልኩ የሚያየው ማስታወቂያ ምክር ሳይሆን ገበያ ነው። ስለዚህ ከስሙ በፊት ሦስት ነገሮች መጠየቅ አለባቸው።

የመጀመሪያው ክፍያ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት በጀት የሚያገኙ ሚክላላዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስከፍሉት ተቀራራቢ ነው፤ በዓመት ከ10 ሺህ ሼቄል በላይ ነው። በጀት የማያገኙት ግን ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ለምሳሌ በስዴሮት አጠገብ ያለው ሳፒርና የአሽቀሎን አካዳሚ ሚክላላ በጀት ያገኛሉ፤ ኦኖ ግን አያገኝም። ይህ ስለ ትምህርቱ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም፤ ስለ ቤተሰቡ ዕዳ ግን ይናገራል። በሦስት ዓመት ልዩነቱ ብዙ አሥር ሺህ ሼቄል ይሆናል።

ሁለተኛው ወረቀቱ የት ያደርሳል የሚለው ነው። ዲግሪ እንዲባል ተቋሙ በከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት፣ በማላግ፣ የታወቀ መሆን አለበት። አንዳንድ ኮርስ ቴዑዳ እንጂ ዲግሪ አይሰጥም። የፕሲኮሎጊያ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ፕሲኮሎግ አያደርግም፤ ሁለተኛ ዲግሪና የልምምድ ዓመታት ይከተሉታል። የሕግ ተማሪም ከዲግሪው በኋላ ስታጅ ሠርቶ የጠበቆችን ፈተና ማለፍ አለበት። እዚህ ላይ አባትም ልጅም ያላሰቡት ነገር ሊኖር ይችላል። በሌላ በኩል ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጀው የሃንደሳይ ትምህርት ዲግሪ ባይሆንም መንግሥት የሚያውቀው ሙያ ነው።

ሦስተኛው መግቢያው ነው። ብዙ የትምህርት ክፍሎች የባግሩት አማካይና ከ200 እስከ 800 የሚሰጠውን የፕሲኮሜትሪ ውጤት ይጠይቃሉ። የዚህ በር ቁልፍ የሚያዘው ግን ከጻቫ በኋላ አይደለም፤ በ10ኛ ክፍል ልጁ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ባለ 3 ወይም ባለ 5 ይሂዶት ቡድን ሲመደብ ነው። ወላጅ በዚያን ጊዜ ዝም ብሎ በ22 ዓመቱ «ኢንጂነር ሁን» ቢለው ልጁ መልስ ያጣል። ጨርሶ ግን አይዘጋም። መኺና ገብቶ ውጤቱን ማሻሻል ይችላል። ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ያለ ባግሩትና ያለ ፕሲኮሜትሪ ያስጀምራል።

ገንዘቡን በተመለከተ አገልግሎቱን የጨረሰ ወጣት ፒካዶኑን ለትምህርት ማዋል ይችላል። በፔራኽ ሕፃናትን እየረዳ ሚልጋ ማግኘትም ይችላል። ከኢትዮጵያ ለመጡ ቤተሰቦች ልጆች የሚሰጥ እርዳታም ስላለ የተማሪዎች አስተዳደርን አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

ብዙ አባቶችና እናቶች «ደብዳቤውን የሚያነብልኝ እሱ ነው፤ እኔ ምን አውቄ እናገራለሁ?» ብለው ያፈገፍጋሉ። ሌሎች ደግሞ በቁጣ ይወስናሉ። ሁለቱም ልጁን ብቻውን ይተዉታል። ስንት ያስከፍላል? ማላግ ያውቀዋል? ሲጨርስ ፈቃድ ይሰጣል? ብሎ ለመጠየቅ ረቂቅ ዕብራይስጥ አያስፈልግም። በዮም ፓቱዋኽ ወላጅ ከልጁ ጋር ሄዶ ጥያቄዎቹን ቢያስነሳ፣ ልጁም እያስተረጎመ መልሱን ራሱ ይሰማል። የመጨረሻው ምርጫ የልጁ ነው፤ ጠዋት ተነሥቶ የሚማረው እሱ ነውና። ጥያቄው ግን የወላጅ ድርሻ ነው። አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚሁ ነው፤ ጥምጥሙ የተቋሙ ስም ነው፣ መማሩ ደግሞ ልጁ ይዞት የሚወጣው ሙያ።