የስታዲየም ጥበቃ፡- ድር ካላበረ በሩ አይዘጋም

ጣሊያን እ.ኤ.አ ጁላይ 11 ቀን 2021 ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን በመለያ ምት 3 ለ 2 ረትታ የአውሮፓን ዋንጫ ስትወስድ ባለሜዳዎቹ አለቀሱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ይፋ የሆነው የባሮነስ ሉዊዝ ኬሲ ሪፖርት ግን ሽንፈቱ ሕይወት ሳያተርፍ አልቀረም ያሰኛል። እንግሊዝ ብታሸንፍ ኖሮ ውጪ የተኮለኮሉ እስከ 6,000 የሚደርሱ ትኬት አልባዎች በሮቹ ለወጪው ተመልካች ሲከፈቱ ግር ብለው ለመግባት አሰፍስፈው ነበር። ከዚያ በፊትማ 2,000 ያህሉ ገብተዋል። የአካል ጉዳተኞች መግቢያና የአደጋ ጊዜ በሮች 17 ጊዜ በጅምላ ተጥሰዋል።

አስተናባሪዎቹ የት ነበሩ? ነበሩ፤ ግን ብዙዎቹ ልምድ የላቸውም። ኮቪድ ሙያውን የሚያውቁትን በትኗቸዋል። ከስታዲየሙ አጥር ውጪ ያለው ቦታ ደግሞ የማን ኃላፊነት እንደሆነ በግልጽ አልተለየም። ሁሉም አለ፤ ባለቤት ግን የለም።

እንግሊዞች ይህን ትምህርት ከዘጠኝ ዓመት በፊት በውድ ገዝተውት ነበር። ለ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ጂፎርኤስ የተባለው ግዙፍ የጥበቃ ድርጅት 10,400 ሰው ለማቅረብ 284 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ውል ይዞ ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰው እንዳልሞላለት ታወቀ። መንግሥት 3,500 ተጨማሪ ወታደሮች ጠራ። ሳልፎርድ ውስጥ የኦሊምፒክ እግር ኳስ ቡድኖች በሚያርፉበት ሆቴል ከሚጠበቁት 56 የጥበቃ ሠራተኞች የመጡት 17 ብቻ ነበሩ። ክፍተቱን ፖሊስ ሸፈነ።

ለዚህ ነው የ2014ቱ የግላስጎው ኮመንዌልዝ ጨዋታዎች አዘጋጆች ሥራውን ለበርካታ የግል ድርጅቶች አከፋፍለው አመራሩን ለፖሊስ የሰጡት። አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሸፍናል ነው ነገሩ።

ድርጅት ሲበዛ ጥፋቱን አንዱ በሌላው ያላክካል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ግን መላው ሥራውን ለአንዱ ማስታቀፍ ሳይሆን ሽርክናውን በወግ ማሰር ነው። የጥበቃ ሠራተኛ የቀን ሥራ ስለሆነበት ሁለትና ሦስት ድርጅት ዘንድ ይመዘገባል። ድርጅቶቹ የስም ዝርዝራቸውን ከተደባበቁ ያንን አንድ ሰው ሦስቱም ይቆጥሩታል። ወረቀት ላይ ሦስት፣ በሩ ላይ አንድ! ተፎካካሪ ሠራተኛዬን ይነጥቀኛል የሚለው ስጋት ደግሞ ዝርዝሩን ያስደብቃል። ስለዚህ ውሉ መነጣጠቅን መከልከል፣ ዝርዝሩንም ማስተያየት አለበት።

ሁለተኛው ነገር ካርታ ነው። የትኛው በር፣ የትኛው ደረጃ፣ የትኛው የአጥር ጥግ የማን እንደሆነ ከጨዋታው ቀን በፊት ይለይ። ሦስተኛው አዛዥ ነው። የደንብ ልብሱ ቢለያይም ሬዲዮው አንድ፣ በሩን ዝጋ የሚለውም ሰው አንድ መሆን አለበት። ኳሱ ለእኔ ነው ለአንተ ነው ሲባባሉ አጥቂ መሐላቸው የሚገባባቸው ሁለት ተከላካዮች ምን እንደሚሆኑ የኳስ ሰው ያውቀዋል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ መረቡን የሚመታው ኳስ አለመሆኑ ነው። እዚህ ጋ የሚረገጠው ትኬቱን በገንዘቡ ገዝቶ ልጁን ይዞ የመጣው ተመልካች ነው።