ሳይቃጠል በቅጠል፦ የትንሿ ሬዚስተር ትልቅ ጉዳይ

በመስታወት ቱቦ የሚሠራ የጊታር አምፕሊፋየር ከሶኬት ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መብራቱም ድምፁም የለም። ጠጋኙ «ጠፍቷል» ብሎ እጁን ይሰዳል። ካፓሲተሮቹ ግን እስከ 400 ቮልት ድረስ ይዘው ሊጠብቁት ይችላሉ። ይህ ሰው ይገድላል።

ያን ጉልበት የማራገፍ ሥራ የአንዲት ሬዚስተር ነው። የጥገና ገበያችን ችግርም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ የሚሄድ ሰው «ስንት ኦም?» ይላል እንጂ «ስንት ዋት? ስንት ቮልት ትችላለች?» አይልም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 400 ቮልት ላይ 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቢገጠም 0.73 ዋት ገደማ ሙቀት ይሸከማል። የተለመደችው ግማሽ ዋት ሬዚስተር ይህን አትችልም። የምትችለው ቮልትም ብዙ ጊዜ 350 ነው። በሁለቱም በኩል ታንሳለች። ስለዚህ 2 ዋት ያስፈልጋል።

ክፋቱ፣ ይህቺ ሬዚስተር ብትቃጠል አምፕሊፋየሩ መሥራቱን አያቆምም። ጊታሩ ይጮኻል፣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ጥፋቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ጥገና ቀን፣ በጠጋኙ እጅ ነው።

«ዕቃው ከየት ይምጣ?» የሚል ክርክር ይነሳል። እውነት አለው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ሲመነዘር፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከብዷል። ግን ብልሃት አለ። ሁለት ባለ 100 ኪሎ ኦም፣ ባለ 1 ዋት ሬዚስተሮች በተከታታይ ሲያያዙ፣ እያንዳንዳቸው 200 ቮልትና 0.4 ዋት ብቻ ይሸከማሉ። የጎደለው ዕውቀት እንጂ ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ይህ የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ዋግ ኽምራ ይመልከት። ሰቆጣና አካባቢዋ በጦርነቱ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቆይተዋል። በፃግብጂም ሆነ በሰቆጣ ሞንታርቦ የሚጠግን ወጣት፣ ከተጣለ ዕቃ የፈታውን ሬዚስተር በስታኞ ለማያያዝ ይገደዳል። መስመሩ ደግሞ አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይወጣል። ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲጨምር የሬዚስተሯ ሙቀት በ21 በመቶ ይጨምራል። ልክ ላይ የተመረጠች ሬዚስተር ለዚህ መጠባበቂያ የላትም።

ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከቀለም ኮድ ሽምደዳ ባሻገር ሦስት ልማድ ማስተማር አለባቸው፦ ከስሌቱ ቢያንስ እጥፍ ዋት መምረጥ፣ የቮልት አቅሟን መጠየቅ፣ ከመንካት በፊት ካፓሲተሩ መራገፉን በሜትር መለካት። ሦስቱም አዲስ በጀት አይጠይቁም።

መብራት ማዳረስ ምሰሶ መትከል ብቻ አይደለም። መብራቱን በደኅና የሚነካ እጅ ማፍራትም ነው።